የጓሮ ኩሬ ዓሦች ለምን ሞቱ? ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

«ትናንት ማታ ደህና ነበሩ፤ ዛሬ ጠዋት ስወጣ ግማሾቹ ተንሳፍፈዋል። ምን መድኃኒት ልጨምርበት?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ምንም መድኃኒት አትጨምሩ። በአንድ ሌሊት ብዙ ዓሣ ጠራርጎ የሚወስድ በሽታ ብርቅ ነው። በድንገት የሚገድለው ውሃው ራሱ ነው፤ ኦክስጅን ያለቀበት፣ የተመረዘ ወይም ጠባዩ ባንዴ የተለወጠ ውሃ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚጨመር መድኃኒት ማስረጃውን ያበላሻል፤ አንዳንዱም የቀረውን ኦክስጅን ያሟጥጣል።

ደረጃዎቹን በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ሥሩ። ከማስረጃው ውስጥ በሰዓታት ጊዜ የሚጠፋ አለና።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በጠብታ የሚሠራ የውሃ መመርመሪያ ኪት፦ ለአሞኒያ (ከዓሣ ቆሻሻና ከብስባሽ የሚወጣ መርዝ)፣ ለናይትራይት (ባክቴሪያዎች አሞኒያን ሲበሉ የሚፈጠር ሌላ መርዝ)፣ ለፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) እና ለአልካሊኒቲ (ኬኤች፤ ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው የውሃው አቅም)። የወረቀቱ ዓይነት ለግምት ይሆናል እንጂ ብዙውን ጊዜ አሞኒያን አይለካም።
- የክሎሪን መመርመሪያ
- ቴርሞሜትር
- የሟሟ ኦክስጅን መለኪያ፤ ካልተገኘ የእጅ ባትሪ ይበቃል
- ባለ 20 ሊትር ሁለት ባልዲዎች። ሳሙና ነክቷቸው የማያውቁ ይሁኑ።
- ክዳን ያላቸው ባለ 1 ሊትር ሁለት ጠርሙሶች፤ ቢያንስ አንዱ የብርጭቆ
- መረብ፣ የጎማ ጓንት፣ ሜትር፣ የኩሽና ሚዛን፣ መቀስ
- የአየር ፓምፕ ከነቱቦውና ከነአየር ድንጋዩ (አየሩን በደቃቅ አረፋ የሚለቀው ባለ ቀዳዳ ድንጋይ)
- ምንም ያልተቀላቀለበት ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት (ክሎሪን ማጥፊያ)
- ደብተርና እስክሪብቶ

ጥንቃቄ

እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ኩሬው ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ፣ ፓምፕም ሆነ መብራት፣ ከሶኬት ንቀሉ። ሽፋኑ የተላጠ ገመድ ውሃውን ኤሌክትሪክ ሊያሲዘው ይችላል፤ ዓሦቹን የገደለው እሱ ከሆነ ቀጣዮቹ እናንተ ናችሁ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ መልሳችሁ ሰኩት።

ጓንት አድርጉ፤ በተለይ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ። ከታመመ ዓሣ በቁስል በኩል ወደ ሰው የሚገቡ ባክቴሪያዎች አሉ። የሞተውን ዓሣ አትብሉት፤ ለድመትም ለውሻም አትስጡት።

1. አየር ስጡ፣ ምግብ አቁሙ

የቀሩት ዓሦች ከውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር የሚጎነጩ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ከዚህ ጀምሩ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አየር መስጠት አይጎዳም። አሞኒያ ስንጥብን (ከጭንቅላቱ ጎን ካለው ክዳን ሥር ያለውን ቀይ መተንፈሻ) ያቃጥላል፤ ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። በሁለቱም ዓሣው የሚሞተው ታፍኖ ስለሆነ፣ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን በበዛ ቁጥር የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል።

የአየር ድንጋዩን ግን ወለሉ ላይ አታሳርፉት። ከሥር ጥቁር ደለል ካለ አረፋው ያማስለውና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን፣ ያስለቅቀዋል፤ ይህ ጋዝ በጣም ትንሹ መጠን እንኳ ዓሣ ይገድላል። ድንጋዩን ከጥልቀቱ አጋማሽ ላይ አንጠልጥሉት።

የአየር ፓምፕ ከሌለ የውሃ ፓምፑ የኩሬውን ውሃ ወደ ላይ ስቦ መልሶ እንዲያፈስሰው አድርጉ። መብራት ከጠፋ ደግሞ በባልዲ እየቀዳችሁ ከግማሽ ሜትር ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። ያደክማል፣ ግን ይሠራል። «ንጹሕ ውሃ ይግባላቸው» ብላችሁ የቧንቧ ውሃ በጎማ እንዳትለቁባቸው፤ ስንጥቡ የተጎዳን ዓሣ ክሎሪን ይጨርሰዋል።

ምግብ የሚቆመው ዓሣ ምግብ ሲፈጭ ተጨማሪ ኦክስጅን ስለሚፈልግና አሞኒያ ስለሚያወጣ ነው። ያደገ ዓሣ ሳምንት ቢጾም ምንም አይሆንም።

2. ውሃ ከመቀየራችሁ በፊት ናሙና ያዙ

ብዙ ሰው ደንግጦ ግማሹን ውሃ ከደፋ በኋላ ነው «መርምሩልኝ» የሚለው። ያን ጊዜ የሚመረመረው ሌላ ውሃ ነው።

ጠርሙሱን በኩሬው ውሃ 3 ጊዜ አለቅልቁ። ክንዳችሁ እስከ ክርን ድረስ እስኪገባ ዝቅ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ እንዳለ ክፈቱት፤ እስከ አፉ ሲሞላ እዚያው ውሃው ውስጥ ክደኑት። የአየር አረፋ እንዳይቀርበት፤ ናሙናው ከአየር ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና የፒኤች ንባቡ ከእውነተኛው ከፍ ይላል። አንዱን ጠርሙስ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለክታችሁ ጨርሱት። የብርጭቆውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ምናልባት ለላብራቶሪ ይፈለጋል። ብርጭቆ የሆነበት ምክንያት አንዳንድ ፀረ ተባይ ከፕላስቲክ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ነው።

3. የሞቱትን አውጡ፣ ቁጠሩ፣ ጻፉ

የሞተ ዓሣ ውሃ ውስጥ በቆየ ቁጥር አሞኒያ ይጨምራል፣ ኦክስጅንም ይበላል። ቶሎ አውጡ፤ ሳትጽፉ ግን አትቅበሩ። የሚጻፈው፦

- መጀመሪያ የታየው ስንት ሰዓት ላይ ነው? በመጨረሻ ደህና ሆነው የታዩትስ?
- ስንት ሞቱ? ስንት ቀሩ?
- የሞቱት ትልልቆቹ ናቸው ወይስ ትንንሾቹ?
- የየትኛው ዝርያ ናቸው?
- ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪት፣ የውሃ ነፍሳት አሉ ወይስ አብረው ሞተዋል?

ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ይህ ዝርዝር ነው። ኪቱ የሚነግራችሁ ውሃው አሁን ምን እንደሚመስል ነው፤ ዓሦቹ ሲሞቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚናገረው የአሟሟታቸው ሁኔታ ነው። ቀን ላይ ስትለኩት ኦክስጅኑ ተመልሶ፣ ክሎሪኑ ተኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የሞቱትን ከኩሬውና ከውሃ ጉድጓድ ራቅ አድርጋችሁ፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ። ሦስት አራቱን ግን ለሚቀጥለው ደረጃ አስቀሩ።

4. ዓሣውን ራሱን አንብቡት

የሚመረመረው እያጣጣረ ያለ ወይም አሁን የሞተ ዓሣ ነው። ከሞተ ሰዓታት ያለፉት ዓሣ ስንጥቡ ይገረጣል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ቆይቶም ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታው ከሞት በኋላ የመጣ ሆኖ ሳለ «የገደለው ፈንገስ ነው» ተብሎ የሚፈረጀው ዓሣ ብዙ ነው።

የስንጥቡን ክዳን በመቀስ ቆርጣችሁ ቀለሙን በቀን ብርሃን እዩ። ጤነኛ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው፤ ጥርሶቹም እንደ ማበጠሪያ አንድ በአንድ ይለያሉ። ቡናማ፣ የቸኮላታ ዓይነት ከሆነ ናይትራይትን ጠርጥሩ። የገረጣና ጫፉ የነጣ ከሆነ፣ በተለይም ነጭ ልጋግ ከሸፈነው፣ ክሎሪን ወይም ከልክ ያለፈ ፒኤች ሊሆን ይችላል። ያበጠና የተጣበቀ ስንጥብ ለረጅም ጊዜ ከቆየ አሞኒያ ወይም ከጥገኛ ተውሳክ ይመጣል። ነጭና የበሰበሰ ቦታ ያለው ከሆነ ደግሞ በሽታ ነው።

ከዚያ ሰውነቱን ተመልከቱ። አፉ በሰፊው ተከፍቶ፣ የስንጥብ ክዳኑ ወደ ውጭ ተገልጦ የደረቀ ዓሣ ኦክስጅን ያጣ ነው። ጀርባው የተጣመመ ከሆነ የኤሌክትሪክ ንዝረትን ወይም ፀረ ተባይን አስቡ። ጥልቅ ቀዳዳ ወይም የተቦጨቀ ሥጋ ካለው አዳኝ ወፍ ነው፤ ውሃውን ማስቸገር አያስፈልግም። ነጠብጣብ፣ ቀይ ቁስል፣ የተበላ ክንፍ፣ የቆመ ቅርፊት ሁሉ በሽታን ያሳያሉ።

5. ውሃውን ለኩ

ሙቀት። ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ኦክስጅንን ለመገመት ግን ግድ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ኦክስጅን በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 11.3 ሚሊግራም በሊትር፣ በ20 ዲግሪ 9.1፣ በ30 ዲግሪ 7.6 ነው። ከፍታም ይቀንሰዋል፤ በ2400 ሜትር ከፍታ ያለ የ20 ዲግሪ ውሃ ከ6.8 ገደማ በላይ አይዝም። ደጋ ላይ ያለ ኩሬ ገና ከመነሻው ያለው ትርፍ ትንሽ ነው።

ኦክስጅን። ከ5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ጥሩ፤ ከ3 በታች አደጋ፤ ከ2 በታች አብዛኛው ዓሣ አይቆይም። የሚለካበት ሰዓት ከቁጥሩ እኩል ያስፈልጋል። ቀን ላይ አልጌና የውሃ ተክል ኦክስጅን ያመርታሉ፤ ሌሊት ግን እነሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ዝቅተኛው ነጥብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ልክ ከመንጋቱ በፊት ነው፤ ከፍተኛው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። የቀን 9 ሰዓትን ንባብ አይቶ «ኦክስጅን አለ» ማለት ራስን ማታለል ነው። መለኪያ ከሌላችሁ በሌሊቱ 11 ሰዓት የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ፤ ዓሦቹ ገጽ ላይ ተደርድረው አየር እየጎነጩ ካገኛችኋቸውና ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወደ ታች ከተመለሱ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው።

አምባዛ ከአየር ላይ ስለሚተነፍስ እሱ ደህና መሆኑ ውሃው ደህና መሆኑን አያሳይም።

ፒኤች። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ለኩ። ከ6.5 እስከ 9 ያለው ተስማሚ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ከበለጠ ኩሬው ውስጥ አልጌ በዝቷል፣ ወይም አልካሊኒቲው ዝቅተኛ ነው፣ ወይም ሁለቱም። አዲስ የሲሚንቶ ኩሬ ደግሞ ኖራ እየለቀቀ ፒኤቹን ከ10 በላይ ሊያደርሰው ይችላል።

አሞኒያ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኪቱ የሚያሳየው ጠቅላላ አሞኒያን ነው፤ መርዙ ግን ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ብቻ ሲሆን መጠኑን የሚወስኑት ፒኤችና ሙቀት ናቸው። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ኪቱ 1 ሚሊግራም በሊትር ቢያሳይ፦

- በፒኤች 7፣ መርዛማው ክፍል 0.006 ገደማ
- በፒኤች 8፣ 0.05 ገደማ
- በፒኤች 9፣ 0.36 ገደማ

ከ0.05 ጀምሮ ስንጥብ ይጎዳል። ስለዚህ ጠዋት ምንም የማያደርገው ያው አሞኒያ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ሲወጣ ገዳይ ይሆናል። ዓሦች ከምሳ በኋላ እየተንቀጠቀጡ የሚሞቱ ከሆነ ይህን አስቡ።

ናይትራይት። ዜሮ መሆን አለበት። ከ0.5 ሚሊግራም በሊትር ካለፈ እርምጃ ውሰዱ።

አልካሊኒቲ። ከ50 ሚሊግራም በሊትር በታች ከሆነ ፒኤቹን የሚይዝለት ነገር የለም፤ ባንድ ዝናብ ወይም ባንድ ሌሊት ሊወድቅ ይችላል።

ክሎሪን። የኩሬውን ሳይሆን የቧንቧውን ውሃ ለኩ። ከኩሬው ክሎሪኑ ቶሎ ስለሚጠፋ እዚያ ዜሮ ማግኘት ምንም አያረጋግጥም።

ግልጽነት። ነጭ ሳህን እንጨት ላይ አስራችሁ አጥልቁ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ሳህኑ ከ30 ሴንቲሜትር በፊት ከተሰወረ አልጌው ከልክ በላይ ነው፤ የሌሊት ኦክስጅን ያንሳል።

6. ያለፉትን 3 ቀናት መልሳችሁ አስቡ

የቤቱን ሰው ሁሉ ጠይቁ፤ ጎረቤትንም። ውሃ ተጨመረ? ጎማው ተረስቶ ሲፈስ አደረ? ማጣሪያው ታጠበ? መብራት ጠፋ? ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም ወይም ማዳበሪያ ተረጨ? ጣሪያ ወይም አጥር ተቀባ? አዲስ ዓሣ ገባ? ልጅ ሙሉ የመኖ ከረጢት ደፋ? ከረጅም ሙቀት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ? የትንኝ መርጫን ሰው እንደ መርዝ አይቆጥረውምና በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያሉት ፓይረትሮይዶች ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው።

7. ምልክቶቹን አዛምዱ

በአንድ ሌሊት ብዙ ሞተው፣ ትልልቆቹ ቀድመው፣ ትንንሾቹ ተርፈው ከሆነ ኦክስጅን ነው። ትልቅ ዓሣ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ብዙ ስለሆነ ቀድሞ ይሸነፋል። ቀንድ አውጣዎች ወደ ዳር ወጥተው ይገኛሉ፤ እንቁራሪቶች ግን ደህና ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከዚህ በፊት ካለው ቀን ጋር የሚያያዝ ነገር አለ፦ ሙቀት፣ ፀሐይ የሌለበት ደመናማ ቀን፣ የአልጌ ባንዴ መሞት፣ የፓምፕ መቆም። ከ1.5 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ኩሬ ቀዝቃዛ ዝናብ የላይኛውን ሞቃት ውሃ አቀዝቅዞ ወደ ታች ሲያሰጥመው፣ ከሥር ያለው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ሽታው ያሳብቃል።

ትንሽ ትልቅ ሳይል፣ ዝርያ ሳይለይ በሰዓታት ውስጥ ሁሉም ከሞቱና የውሃ ነፍሳቱም አብረው ካለቁ መርዝ ነው። ከመሞታቸው በፊት እየተሽከረከሩ ወይም እየዘለሉ ከታዩ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ውሃ ከተጨመረ በኋላ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ውስጥ ከሆነ ክሎሪን፣ አለበለዚያ የሙቀት ወይም የፒኤች ድንገተኛ ለውጥ ነው። ከነዚህ ውስጥ በብዛት የሚሳተው ሦስተኛው ነው። ለወራት ውሃው ያልተቀየረ አሮጌ ኩሬ አልካሊኒቲው አልቆ ፒኤቹ ከ6 በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ፒኤች አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሥራ ያቆማሉ፤ አሞኒያው ይከማቻል፣ ነገር ግን መርዝ ባልሆነ መልኩ ስለሚቀመጥ ዓሦቹ ይኖራሉ። አንድ ቀን ባለቤቱ ፒኤቹ 8 የሆነ ንጹሕ ውሃ በብዛት ሲያስገባበት የተከማቸው አሞኒያ ባንዴ ወደ መርዛማው መልክ ይለወጣል። «ውሃ ቀይሬላቸው ሞቱ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

በየቀኑ አንድ ሁለት እያሉ ለሳምንታት ከቀጠለ በሽታ፣ ጥገኛ ተውሳክ ወይም ዝቅ ያለ ግን የማይቋረጥ አሞኒያና ናይትራይት ነው። ሰውነታቸውን ከድንጋይ ጋር የሚፈትጉ ከሆነ ተውሳክ ሊሆን ይችላል። ኩሬው ከተሞላ 8 ሳምንት ያልሞላው ከሆነ ግን መጀመሪያ ናይትራይትን እዩ፤ ይህን መርዝ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ገና አልበዙም።

አዲሶቹ ብቻ በገቡ በ3 ቀን ውስጥ ከሞቱ ከጉዞውና ከአገባባቸው ነው። በተዘጋ ላስቲክ ውስጥ ለሰዓታት የቆየ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሞላው ፒኤቹ ይወርዳል፤ ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣና ፒኤቹ ተነሥቶ አሞኒያውን መርዝ ያደርገዋል። ላስቲኩን ሳትከፍቱ ኩሬው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ሲመጣጠን ከፍታችሁ ዓሣውን በመረብ ወዲያው አሻግሩ። የላስቲኩን ውሃ ኩሬው ውስጥ አትድፉት። አዲሶቹ ደህና ሆነው ነባሮቹ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ መሞት ከጀመሩ አዲሶቹ በሽታ ይዘው ገብተዋል።

ኮይ (ባለ ቀለም የጌጥ ካርፕ) እና ካርፕ ብቻ እየሞቱ፣ ውሃው ከ16 እስከ 28 ዲግሪ ሆኖ፣ ስንጥባቸው ላይ ነጭ የበሰበሰ ቦታ ከታየ የኮይ ሄርፐስ ቫይረስን አስቡ። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ዓሣም ውሃም ከኩሬው እንዳይወጣ አግዱና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። ቆሮሶ ብቻ ከብርዳማ ሌሊት በኋላ ከሞተ ደግሞ ብርዱ ነው፤ ውሃው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሲወርድ አይችልም።

አንድ ዓሣ ብቻ ሞቶ ሌሎቹ እየበሉ ከሆነ ለኩሬው ሁሉ ሕክምና አትጀምሩ።

8. አሁንም ካልለየላችሁ፣ የባልዲ ሙከራ

በአንዱ ባልዲ 15 ሊትር የኩሬውን ውሃ፣ በሌላው ክሎሪኑ የወጣለት ንጹሕ ውሃ አድርጉ። በሁለቱም ውስጥ የአየር ድንጋይ ጨምሩ፤ ሙቀታቸው እኩል ሲሆን በእያንዳንዳቸው 2 ትንንሽ ዓሦች አስገቡ። 24 ሰዓት ጠብቁ፣ አትመግቡ። አየር እየገባለት በኩሬው ውሃ የሞተ፣ በንጹሑ የኖረ ከሆነ ውሃው ውስጥ መርዝ አለ። በሁለቱም ከኖሩ ጉዳዩ ኦክስጅን ነበር፣ ወይም መርዙ አልፏል። በሁለቱም ከሞቱ ዓሦቹ ቀድሞውንም ታመው ነበር፤ ወይም ባልዲዎቹ ንጹሕ አልነበሩም።

9. አስተካክሉ

መጀመሪያ የኩሬውን መጠን አስሉ፤ መጠን ሳይታወቅ ጨው መመዘን ከንቱ ነው። ርዝመት × ስፋት × አማካይ ጥልቀት በሜትር ካባዛችሁ በኋላ በ1000 ስታባዙት ሊትር ይሆናል። ክብ ከሆነ ወርድ × ወርድ × 0.785 × ጥልቀት × 1000። አማካይ ጥልቀት የምታገኙት ቢያንስ 5 ቦታ ለክታችሁ ነው፤ ጥልቁን ቦታ ብቻ ከወሰዳችሁ ጨዉ ይበዛል።

ኦክስጅን ከሆነ፦ አየር ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ። ብዙ ሰው ቀን አብርቶ ለድምፁ ሲል ማታ ያጠፋዋል፤ የሚያስፈልገው በተቃራኒው ነው። ምግብ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሚያልቀው አይብለጥ። ደለሉን በየሳምንቱ ከአንድ ጥግ ብቻ አውጡ፤ ባንዴ አታማስሉት።

አሞኒያ ከሆነ፦ ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ በቀን ከ20 እስከ 25 በመቶ ቀይሩ፤ ነገር ግን የኩሬውና የሚገባው ውሃ ፒኤች ከ1 በላይ የሚራራቁ ከሆነ 10 በመቶ ብቻ። ማጣሪያውን አትጠቡት።

ናይትራይት ከሆነ፦ ለ1000 ሊትር 1 ኪሎ ጨው። በባልዲ አሟሙታችሁ ለ3 ከፍላችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ዳር ዳሩን አፍስሱ። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይከላከላል። ጨው አይተንም፤ ውሃ ተኖ ሲጎድል ደግማችሁ ጨው አትጨምሩ። ማጣሪያው ውስጥ ዜኦላይት (አሞኒያን የሚይዝ ማዕድን) ካለ ቀድማችሁ አውጡት፤ ጨው ሲነካው የያዘውን አሞኒያ ይለቃል።

አልካሊኒቲ ካነሰ፦ ለ1000 ሊትር 17 ግራም ቤኪንግ ሶዳ 10 ሚሊግራም በሊትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ለ1000 ሊትር በቀን ከ20 ግራም ሳታልፉ እስከ 100 ሚሊግራም በሊትር አድርሱት። ፒኤቹ ከ6 በታች የወረደ አሮጌ ኩሬ ከሆነ ግን መጀመሪያ አሞኒያውን ለኩ፤ ካለ፣ ከላይ ባየነው ምክንያት፣ ፒኤቹን ከማንሣታችሁ በፊት በትንሽ በትንሹ ውሃ እየቀየራችሁ አውጡት።

ክሎሪን ከሆነ፦ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ክሎሪን በሊትር 7 ሚሊግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት በሊትር። ቧንቧው 1 ሚሊግራም በሊትር ካሳየ ለ1000 ሊትር 7 ግራም ማለት ነው። ውሃው የታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት ማጣሪያ ኬሚካል) ከሆነ ታዮሰልፌቱ ክሎሪኑን ሲሰብረው አሞኒያው ስለሚቀር አሞኒያም መለካት አለበት። ውሃን አስቀምጦ ማሳደር ክሎሪንን ያወጣል፣ ክሎራሚንን ግን አያወጣም።

መርዝ ከሆነ፦ የቀሩትን ዓሦች ወደ ንጹሕ ውሃ አሻግሩ። የተበከለውን ውሃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ አትክልት ቦታ አትልቀቁ።

10. ወደ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ

መጀመሪያ ደውላችሁ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ለበሽታ ምርመራ የተሻለው በሕይወት ያለ፣ የሚያጣጥር ዓሣ ነው። ከሞተ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያለ ውሃ በበረዶ መሃል አድርጉና በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱ። ፍሪዘር ውስጥ የገባ ዓሣ ሕብረ ሕዋሱ ስለሚፈራርስ ለበሽታ ምርመራ አይሆንም። ለፀረ ተባይ ምርመራ ግን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ ልታቀዘቅዙት ትችላላችሁ። በደረጃ 3 የጻፋችሁትን አብራችሁ ላኩ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

- ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ማጠብ። ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድልና አሞኒያ በቀናት ውስጥ ይወጣል። ስፖንጁን ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።
- መብራት ለሰዓታት ጠፍቶ ሲመጣ ማጣሪያውን ዝም ብሎ ማስነሣት። ውስጡ የታመቀው ውሃ ኦክስጅን የለውም፤ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይደፋ።
- አልጌን በመድኃኒት ባንዴ መግደል። የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። አልካሊኒቲው ከ50 በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ደግሞ የመዳብ ሰልፌት ራሱ ዓሣ ገዳይ ነው።
- ሁለት ሦስት መድኃኒት ቀላቅሎ መሞከር። ቢሻላቸውም ባይሻላቸውም የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም።
- የሞቱትን ወዲያው በአዲስ ዓሣ መተካት። አሞኒያና ናይትራይት ለ7 ተከታታይ ቀናት ዜሮ እስኪሆኑ ጠብቁ፤ ከዚያም 2 ወይም 3 ዓሣ ብቻ አስገቡ። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ዓሣ በተለየ ዕቃ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሳይቆይ አይቀላቀል፤ የሱም መረብና ባልዲ የብቻው ይሁን።